ማሽኑን የት ሞከራችሁት?

ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው። ዳታ የሚቆጥርባችሁ ይቅርታ አድርጉልኝ፤ ቆራርጬ ብለጥፈው ግማሹን ብቻ አንብቦ የሚሰድበኝ ስለሚበዛ በአንዴ ይውጣልኝ።

ሰሞኑን አንድ ቪዲዮ በውስጥ መስመር ስንት ሰው እንደላከልኝ አትጠይቁኝ። "ቲቸር፣ አይተውታል?" እያላችሁ። አይቼዋለሁ። ሦስት ወጣቶች ናቸው። ስማቸውን አልጠራም፣ ሁለቱን ግን አስተምሬያቸዋለሁ። ከውጭ አገር የመጣላቸውን አዲስ የብረት መፈለጊያ ማሽን ካሜራ ፊት ካርቶኑን ቀደው ያወጣሉ፣ የእጀታው ላስቲክ እንኳ ገና አልተላጠም። "ዛሬ ዲቴክተራችንን ታሪካዊ ቦታ ላይ እንሞክረዋለን" ይላሉ። ታሪካዊ ቦታው የት ነው? አሮጌ ሜዳ። ከመቅደላ ሥር። ማሽኑ ይጮሃል፣ ዶማው ይወርዳል፣ አፈሩ ይበተናል። በመጨረሻ አንድ ኮፍያ ላይ ደርድረው አሳዩን፦ የተጨፈለቀ የእርሳስ ጥይት፣ የቀለህ ቁራጭ፣ የቀበቶ ዘለበት የሚመስል ነገር፣ ሁለት የቢራ ቆርኪ። ከሥር ያለው ኮሜንት ደግሞ "ወርቁ ቀርቧል በርቱ" እና "ማሽኑ ስንት ነው፣ በውስጥ አናግሩኝ" ነው።

ማሽኑ ላይ ችግር የለኝም፤ ይህን መጀመሪያ ልበለው። ገበሬ የጠፋ ማረሻውን ይፈልግበት፣ ሙሽራ የወደቀ ቀለበቷን ታግኝበት፣ ቧንቧ ሠራተኛ የተቀበረ ቱቦውን ይከተልበት። የእኔ ጥያቄ ርዕሱ ላይ ያለው ብቻ ነው። ለሙከራ ስንት ቦታ አለ! የጓሮ አፈር አለ፣ የኳስ ሜዳ አለ፣ ደረቅ የወንዝ አሸዋ አለ። ከዚህ ሁሉ መርጣችሁ ወንድሞቻችን የወደቁበት ሜዳ ላይ ሄዳችሁ መሞከር ምን የሚሉት ነው?

አሮጌ ምን እንደሆነ ለረሳችሁ (ዘጠነኛ ክፍል ከኋላ ወንበር የምትተኙ የነበራችሁ ራሳችሁን ታውቃላችሁ)፦ ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ ዕለቱ ስቅለት ነው። የጄኔራል ናፒየር ጦር ከቀይ ባሕር ዳርቻ ከዙላ ተነስቶ፣ ያን ሁሉ ተራራና ገደል አቋርጦ፣ በሽሎን ተሻግሮ ወደ ላይ ወጣ። ዐፄ ቴዎድሮስ ፋላ ላይ መድፋቸውን ጠምደው ያያሉ። ፊታውራሪ ገብርዬ ጦሩን ይዞ ቁልቁል ወደ ሜዳው ወረደ። ከሰዓት በኋላ የጀመረው ውጊያ ሲመሽ አበቃ። ከእኛ ወገን ወደ 700 ሰው ሞተ፣ ከሺህ በላይ ቆሰለ፣ ገብርዬም እዚያው ቀረ። ከእንግሊዝ ወገን የቆሰለው 20 ሰው ገደማ ነው። ከሦስት ቀን በኋላ፣ ሚያዝያ 6፣ ንጉሡ መቅደላ አናት ላይ ሽጉጣቸውን ጠጡ።

700 ለ20 የሚለውን ቁጥር ክፍል ውስጥ ስናገር ሁልጊዜ አንድ ተማሪ እጁን ያወጣል። "ለምን እንዲህ ሆነ?" ይላል። መልሱ ያለው መሣሪያው ላይ ነው። የእንግሊዝ እግረኛ የያዘው አባቶቻችን በኋላ ሰናድር ብለው የጠሩትን፣ ከኋላው የሚጎርሰውን ጠመንጃ ነው። ያን ጊዜ ለጦርነት ገና አዲስ ነበር። የእኛ ሰው የያዘው በአፉ ባሩድና እርሳስ የሚጎርስ ነፍጥ፣ ጦርና ጋሻ ነው። እሱ አንዴ ተኩሶ እስኪያጎርስ ያኛው ደጋግሞ ይተኩሳል። ነገሩ ይኸው ነው።

አሁን ወደ ማሽኑ እንመለስ። የሰናድር ጥይት ሾጣጣ ነው፣ ቀለህም አለው። የእኛ ወታደር ጥይት ደግሞ በአብዛኛው ክብ እርሳስ ነው፣ ቀለህ የለውም። ስለዚህ መሬት ውስጥ ያለው ጥይት ማን እንደተኮሰው ይናገራል። ቀለህ የወደቀበት ቦታ ተኳሹ የቆመበት ነው። የተጨፈለቀ ሾጣጣ እርሳስ የተገኘበት አካባቢ ደግሞ የእኛ ሰው የነበረበትን አቅጣጫ ይጠቁማል። ክብ እርሳስ ከእንግሊዝ ቀለህ አጠገብ ቢገኝ ምን ማለት ነው? ጥይታችን እነሱ መስመር ድረስ ደርሷል ማለት ነው። ገብርዬና ሰዎቹ እስከ የት ድረስ ተጠጉ? የትኛው ሸለቆ ውስጥ ተያዙ? ሲመለሱ በየት በኩል ወጡ? ይህን ሁሉ እያንዳንዷ ጥይት ካለችበት ቦታ ጋር ሆና ትመሰክራለች። ከቦታዋ ከተነሳች በኋላ ግን ኮፍያ ላይ የተቀመጠች የእርሳስ ድቡልቡል ናት፤ ሚዛን ላይ ብታወጧት ግራሟን ነው የምትነግራችሁ።

ይህ ነገር እኔን የሚያንገበግበኝ በሌላ ምክንያት ነው። ስለዚያ ቀን የጻፈው ማነው? የእንግሊዝ መኮንን ማስታወሻ ጽፏል፣ የእንግሊዝ መንግሥት ይፋዊ መዝገብ አሳትሟል፣ ሄንሪ ስታንሊን የመሰለ ጋዜጠኛ አብሮ መጥቶ ለኒውዮርክ ጋዜጣ ዘግቧል። ከእኛ በኩል እንደ አለቃ ወልደ ማርያም ያሉ ጸሐፊዎች የንጉሡን ታሪክ ጽፈውልናል፣ እግዜር ይስጣቸው። ያ ቁልቁል እየሮጠ የወረደው የጎጃም፣ የቋራ፣ የበጌምድር፣ የወሎ ልጅ ግን ምንም አልጻፈም። ብዕርም አልነበረው። የእሱ ቃል መሬቱ ውስጥ ነው ያለው። ከዚያ ሜዳ አንዲት ክብ እርሳስ ባወጣችሁ ቁጥር የእሱን ቃል ነው የምታጠፉት። የእንግሊዞቹ መጽሐፍ ላይብረሪ ውስጥ በሰላም ተቀምጧል፤ ማንም ዲቴክተር አይነካውም።

"ቲቸር አጋነኑት፣ ጥይት ምን ያወራል?" የምትሉ አትጠፉም። እሺ፣ አሜሪካ እንሂድ። ሞንታና ውስጥ ሊትል ቢግሆርን የሚባል ቦታ አለ። በ1876 እ.ኤ.አ. የላኮታና የሻየን ተዋጊዎች ኮሎኔል ከስተርንና አብረውት የነበሩትን ወታደሮች የጨረሱበት። መቶ ዓመት ሙሉ የተነገረው ታሪክ ከስተርና ወታደሮቹ ኮረብታው ላይ ተሰልፈው እስከ መጨረሻው በጀግንነት ተዋግተው ወደቁ የሚል ነው። ውጊያውን ያዩት የላኮታና የሻየን ሰዎች ሌላ ነገር ተናግረው ነበር። መስመሩ ቶሎ እንደፈረሰ፣ ወታደሩ እንደተደናገጠ። ማን ይስማቸው! በ1983 ሜዳው ላይ ሰደድ እሳት ተነሳና ሣሩን አነደደው። በማግሥቱ ዓመት አርኪዮሎጂስቶች ገቡ። በምን ገቡ መሰላችሁ? በዚሁ በዲቴክተር! ከማሽኑ ጋር ልምድ ያላቸው በጎ ፈቃደኞች ተሰልፈው፣ ጎን ለጎን በእኩል ርቀት ሜዳውን አበጠሩት። ማሽኑ የጮኸበት ቦታ ላይ ወዲያው ዶማ አልወረደም። ትንሽ ባንዲራ ተተከለ። ከዚያ በጥንቃቄ ተከፈተ፣ ቦታው ተለክቶ ካርታ ላይ ሰፈረ፣ ዕቃው ቁጥር ተሰጥቶት ተነሳ። ቀለህ ላይ ያለውን የመምቻ ጭረት በማጉያ እያነጻጸሩ አንድ ጠመንጃ ከየት ወደ የት እንደሄደ ተከታተሉ። ውጤቱ ለነባሮቹ ሰዎች ቃል ቀረበ። መቶ ዓመት ያልተሰማ ምስክርነት በጥይትና በቀለህ ተደገፈ።

ልብ በሉ፣ እዚያም እዚህም ማሽኑ ያው ነው። ልዩነቱ ባንዲራዋ፣ ሜትሯና ወረቀቷ ናት። አሮጌም አንድ ቀን እንዲህ ሊጠና ይችል ነበር፣ አሁንም ይችላል። ቪዲዮው ላይ እንዳየሁት በየሳምንቱ አንድ ቡድን እየመጣ "ሙከራ" ካደረገ ግን የሚጠናው የጉድጓድ ብዛት ነው።

አንድ ወዳጄ (እሱም መምህር ነው) ሲከራከረኝ "ገበሬው በየዓመቱ ያርሰው የለ እንዴ? የቀረ ነገር አለ ብለህ ነው?" አለኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። የበሬ ማረሻ ላዩን ነው የሚጭረው። ጥይቷን ወዲህ ወዲያ ያደርጋታል፣ ግን ኪሱ ከትቶ ደሴ አይወስዳትም። ትንሽ ብትንቀሳቀስም ያው ሜዳው ላይ፣ ያው ከጓደኞቿ ጋር ናት። ሊትል ቢግሆርን ላይ ከመቶ ዓመት በኋላ የተሠራው ሥራም መሬቱ ምንም ሳይነካ ቆይቶ አይደለም። ገበሬውን ለቀቅ አድርጉት፤ እሱ እንጀራውን ነው የሚያርሰው።

ወደ ወርቁ ልምጣ፤ የብዙው ሰው ልብ ያለው እዚያ ነውና።

"የቴዎድሮስ ወርቅ እዚያ ተቀብሯል" የሚለው ወሬ ከየት እንደመጣ አላጣሁትም። ግን እስቲ በእርጋታ እናስበው። እንግሊዞች መቅደላን ከያዙ በኋላ ምን አደረጉ? ዘረፉ። የዘረፉትን ደላንታ ሜዳ ላይ አውጥተው በጨረታ ሸጡ። ከብሪቲሽ ሙዚየም አብሮ የመጣ ሰው ስለነበር ጨረታው ላይ ለሙዚየሙ ሲገዛ ዋለ። ለማጓጓዝ 15 ዝሆንና ወደ 200 የሚጠጋ በቅሎ አስፈለገ እየተባለ የሚጻፈውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከመሄዳቸው በፊት አምባውን አቃጠሉት። ዘውድ፣ ጽዋ፣ ታቦት፣ የብራና መጽሐፍ፣ ያገኙትን ወሰዱ። እንዲህ ጠራርጎ የሄደ ሰው ወርቅ ረስቶላችሁ ሄደ? ያልቻሉት ሴባስቶፖልን ብቻ ነው፤ 70 ኩንታል ገደማ ስለምትመዝን። እሷን ለማግኘት ደግሞ ዲቴክተር አያስፈልግም፣ በዓይን ትታያለች።

ማሽኑ ራሱ ስለ ወርቅ የሚያውቀው ነገር እንደማስታወቂያው አይደለም። ፊዚክስ መምህር ጓደኛዬ ቢያብራራው ይሻል ነበር፣ ግን በአጭሩ፦ ከታች ያለው ክብ ነገር ውስጥ የተጠመጠመ ሽቦ አለ። ኤሌክትሪክ ሲሄድበት ማግኔታዊ መስክ ወደ መሬት ይልካል። መስኩ ብረት ነክ ነገር ሲያገኝ እዚያ ውስጥ ትንሽ ኤሌክትሪክ ያስነሳል፣ የእሱን ምላሽ ማሽኑ ተቀብሎ ይጮሃል። አለቀ። ስክሪኑ ላይ የሚወጣው ቁጥር ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙንና መጠኑን እንጂ ስሙን አይነግራችሁም። ትንሽ የወርቅ ቀለበትና የለስላሳ ጣሳ መክፈቻ ተቀራራቢ ድምፅ ነው የሚሰጡት። ሳንቲም የሚያክል ነገር ደግሞ ተራው ማሽን ከ20 ወይ ከ30 ሴንቲ ሜትር በታች ብዙም አያይም። "አምስት ሜትር ድረስ ወርቅ ለይቶ ያሳያል" ብሎ ቴሌግራም ላይ የሚሸጥላችሁ ሰው ወርቁን ያገኘው እናንተ ኪስ ውስጥ ነው።

"እንግሊዝ አገር ግን ይፈቀዳል እኮ!" ይህ ክርክር ቪዲዮው ሥር ሦስት ጊዜ ተጽፏል። እውነት ነው፣ ሰዉ እንደ መዝናኛ ይዞት ይወጣል። ግን ግማሹን ብቻ አትንገሩን። እዚያም ቢሆን የባለ መሬቱ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ በሕግ የተከለለ ጥንታዊ ቦታ ላይ ያለ ፈቃድ ማሽን ይዞ መግባት ወንጀል ነው፣ ውድ ሀብት ያገኘ ሰው ደግሞ ማሳወቅ ግዴታው ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. ስታፎርድሻየር ውስጥ አንድ ሰው እርሻ ላይ የጥንት ወርቅ ክምችት አገኘ። አሳወቀ። አርኪዮሎጂስቶች መጥተው ቀሪውን አወጡት። ከ3 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ተገመተ፣ ገንዘቡን ከባለ መሬቱ ጋር ተካፈሉ። በ2015 ደግሞ ሌሎች ሁለት ሰዎች ሄርፎርድሻየር ውስጥ የቫይኪንግ ዘመን ወርቅና ሳንቲም አግኝተው ደበቁ፣ ቸበቸቡ። በ2019 ፍርድ ቤት አንዱን 10 ዓመት፣ ሌላውን 8 ዓመት ተኩል ፈረደባቸው። 300 ገደማ ይሆናል ከተባለው ሳንቲም የተገኘው 31 ብቻ ነበር። እንግሊዝን ካነሳችሁ ይህንንም አንሱት።

የእኛስ ሕግ? አለን እኮ! አዋጅ ቁጥር 209/1992 ግልጽ ነው፤ ያለ ፈቃድ ቅርስ ፍለጋና ቁፋሮ ማካሄድ ክልክል ነው። ሲያርስ፣ ቤት ሲሠራ ወይም እንዲሁ በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ደግሞ ወዲያው ማሳወቅና እስኪረከቡት ድረስ እንዳለ መጠበቅ አለበት። "አናውቅም ነበር" የምትሉ ካላችሁ፣ ይኸው አሁን አወቃችሁ።

በዚህ ጉዳይ ሕዝቡን ብቻ ወቅሼ የምቀመጥ አይደለሁም። ቅርስ ጥበቃ ሲባል ስብሰባ፣ ባነርና አበል ብቻ የሚመስላቸው ኃላፊዎች ስንት አሉ? ተማሪ ይዤ ልጎበኝ ስል ደብዳቤ አምጣ፣ ማህተም አምጣ የሚለኝ ሰው፣ ዲቴክተር ይዞ የሚገባውን ማን ነህ አይለውም። ለዚያ ሜዳ አንድ ሁለት የአካባቢው ወጣት ደመወዝ ተከፍሎት ቢጠብቀው፣ ቢያስጎበኝበት፣ ምን ያህል ወጪ ነው? ሥራ አጥ ወጣት ሞልቶ! እነዚህ ልጆችም ቢሆኑ ሥራ ፈትተው ነው እንጂ ክፉ ሆነው አይደለም። ዲግሪ ይዞ ሦስት ዓመት ቤተሰቡ ጋር የተቀመጠ ልጅ ወርቅ አለ ሲሉት ባይሄድ ነው የሚገርመኝ። ችግሩን አውቀዋለሁ፣ ደመወዜን ታውቁታላችሁ። ግን የአያትን መቃብር መበርበር ከድህነት አያወጣም። እስካሁን ያወጣው ሰው ካለ በስም ይነገረኝ።

ደግሞ ሌላ ነገር፤ ይህን ሳስብ እፍረት ይይዘኛል። የመቅደላን ቅርስ መልሱ እያልን ለንደን ላይ የምንጮኸው እኛው ነን። መጋቢት 2011 ዓ.ም. የዐፄ ቴዎድሮስ ጉንጉን ፀጉር ሲመለስ ያለቀስን፣ ፕሮፋይል የቀየርን እኛ ነን። የልዑል ዓለማየሁ አጽም ከዊንድዘር ይምጣ ብለን እስካሁን እንጠይቃለን። ልክ ነን፣ እጠይቃለሁም። ሙዚየሞቹ ግን ሁልጊዜ አንድ መልስ አላቸው፦ "እኛ ጋ በደንብ ተጠብቋል።" ይህን መልስ ስሰማ ደሜ ይፈላል። ታዲያ አሁን አንዱ የሙዚየም ሰው ያን ቪዲዮ ከፍቶ "ይኸው እነሱ ጋ ያለውን እንዲህ ነው የሚጠብቁት" ቢለኝ ምን ልመልስለት? ጨረታውን ደላንታ ላይ አደረጉት ብለን የምንወቅስ ሰዎች በውስጥ መስመር "ስንት ነው?" እየተባባልን?

ከዚህ ሁሉ የሚያስፈራኝን ወደ መጨረሻ ያደረግሁት በዋዛ እንዳይታለፍ ነው። ይህ አካባቢ ጦርነት ያየ የ1860ውን ብቻ አይደለም። የጣሊያን ጊዜ አለ፣ የደርግ ጊዜ አለ፣ በ2014 ያየነውን ደግሞ ማንም አልረሳውም። ወሎ ውስጥ መሬት ያለው ብረት ሁሉ የጥንት አይደለም። ማሽኑ ለእርሳስ ጥይትም ይጮሃል፣ ላልፈነዳ የሞርታር ጥይትም ይጮሃል፣ ለእጅ ቦንብም ይጮሃል። ድምፁ "ይህ ቅርስ ነው፣ ይህ ሞት ነው" ብሎ አይለይም። ከዚያ ምን ይደረጋል? በዶማ ይመታል! ቪዲዮው ላይ አንዱ ልጅ ድምፅ የሰጠው ቦታ ላይ ዶማውን ከራሱ በላይ አንስቶ ሲያወርድ ዓይኔን ጨፍኛለሁ። ከብት ጠባቂ ሕጻናት ደግሞ ዙሪያቸውን ከበው ያያሉ። ነገ ማሽን የሌላቸው እነዚያ ሕጻናት ናቸው ያያቸውን ጨዋታ በእንጨት የሚደግሙት። በአገራችን ያልፈነዳ ነገር አንስተው እጃቸውን፣ ዓይናቸውን፣ ሕይወታቸውን ያጡ ልጆች ታሪክ ለናንተ አዲስ አይደለም።

ስለዚህ ልጆቼ፣ ይህን እንደምታነቡት አውቃለሁ፣ አንደኛችሁ ላይክ ሳታደርጉ ሁሉንም ፖስቴን እንደምታነቡም አውቃለሁ። ያወጣችሁትን አትሽጡት፣ አታጥቡት፣ በአሲድም በሎሚም አትፈትጉት። ቪዲዮው ያልተቆረጠው ስልካችሁ ላይ ይኖራል፤ አታጥፉት፣ ከጀርባ የሚታየው ተራራና ዛፍ የቆፈራችሁበትን ቦታ መልሶ ለማግኘት ይረዳል። እያንዳንዱን ዕቃ ለብቻው ወረቀት ጠቅልላችሁ የትኛው ከየትኛው ጉድጓድ እንደወጣ የምታስታውሱትን ጻፉበት። የቆፈራችሁትን ለመድፈን ተመልሳችሁ አትሂዱ። ማሽኑን ይዛችሁ ማስረከብ አይጠበቅባችሁም፣ ማሽኑ የናንተ ነው።

ብቻችሁን ለመሄድ ከፈራችሁ አብሬያችሁ እሄዳለሁ። ቅዳሜ ቢሮ ዝግ ነው፤ ሰኞ ከመጀመሪያው ሁለት ክፍለ ጊዜ በኋላ ነፃ ነኝ። ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት በር ላይ እንገናኝ። ስልኬ ያው የድሮው ነው።